ተቀጥላ ወይስ ቅርንጫፍ? ስለ ሁለት የሜታል ጊር ልጆችና ስለ ዳኞቻቸው

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




የጉባኤው አዘጋጆች ስለ ሂስና ስለ አዳዲሶቹ የኪነ ጥበብ ዘርፎች እንድናገር በጠየቁኝ ጊዜ፣ ስለ ፊልም ወይም ስለ ቴሌቪዥን ድራማ የምናገር መስሏቸው ነበር። ስለ ቪዲዮ ጨዋታ መናገር እፈልጋለሁ ብላቸው ጥቂት ዝም አሉ። ዝምታቸውን አልነቀፍሁም፤ ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔም በእነርሱ ቦታ ብሆን ኖሮ ከዝምታ አልፌ ፈገግ እል ነበርና። ነገር ግን ሐያስያን ነን የምንል ሰዎች በራሳችን ማሳ ላይ ስንሠራ የማይታየን ጉድፍ፣ ሌላው በራሱ ማሳ ላይ ሲሠራው ወለል ብሎ ይታየናል። ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁትም የአንድ የጃፓን ጨዋታ ሁለት ልጆች በሐያስያን ፊት እንዴት እንደ ተዳኙ፣ ፍርዱም ምን ያህሉ በሥራው ላይ፣ ምን ያህሉስ በዘሩ ላይ የተሰጠ እንደ ነበረ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

ወደዚህ ነገር ያስገባኝ የእኅቴ ልጅ ነው። ልጁ እኛ ቤት ሲያድር ከቴሌቪዥኑ ጋራ የሚያያዘውን ሣጥን በቦርሳው ይዞ ይመጣል፤ እኔም ጋዜጣዬን እያነበብሁ በመነጽሬ ጠርዝ አየዋለሁ። ኮናሚ የተባለውን የጃፓን ኩባንያ የከተማችን ልጆች በእግር ኳስ ጨዋታው ያውቁታል። በየሰፈሩ ባሉት የፕሌይስቴሽን ቤቶች ፔስ እያሉ ሲጠሩት የነበረው ጨዋታ የዚሁ ኩባንያ ነው። ስለዚህ የኩባንያው ስም ለእኔም እንግዳ አልነበረም። አንድ ማታ ግን በመስታወቱ ላይ ያየሁት ነገር ጋዜጣውን ከእጄ አስጣለኝ። ጠጉሩ ነጭ፣ ገላው አብዛኛው ብረት የሆነ አንድ ሰይፈኛ ከጠላቱ ፊት ቆሞ ሳለ ጊዜ ራሱ የተገታ ያህል ዘገየ፤ ልጁም የሰይፉን አቅጣጫ በአውራ ጣቱ እየመራ ያንን ባለጋራ አንድ ጊዜ አግድም፣ አንድ ጊዜ ቁልቁል፣ እንደ ጎመን ከተፈው። ከዚያም እጁን ሰድዶ ከተቆራረጠው አካል ውስጥ የሚያበራ አከርካሪ መዞ በመዳፉ ጨፈለቀው።

«ይህ ምንድን ነው?» አልሁት።

«ሜታል ጊር ነው፣ ጋሼ።»

«ሜታል ጊር እኮ ተደብቆ የሚኬድበት ነው ብለኸኝ ነበር።»

«እሱ ዋናው ነው። ይኼ ሌላ ነው፤ ግን ያው ነው።»

ሌላ ነው፤ ግን ያው ነው። ልጁ ይህን ሲናገር ዐይኑን ከመስታወቱ ላይ እንኳ አላነሣም፤ እኔ ግን ያን ማታ ቶሎ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ብዙ ሐያስያን በብዙ ገጽ ሊገልጹት የደከሙበትን ነገር በአምስት ቃል ጨርሶት ነበር።

እንግዲህ እንዲህ ያለውን ሥራ፣ ከአንድ ረጅም ተከታታይ ድርሰት ወጥቶ በራሱ መንገድ የሚሄደውን፣ ፈረንጆቹ ስፒን ኦፍ ይሉታል። በአማርኛ ምን እንበለው? አንዳንድ ሰዎች ተቀጥላ ሲሉት ሰምቻለሁ። ይህ ቃል ግን ከገጠር የመጣ ነው፤ ገጠር ያደገ ሰውም ትርጉሙን አይስተውም። ተቀጥላ በሌላ ዛፍ ላይ የሚበቅል፣ ሥሩ መሬት የማይነካ፣ የተሸካሚውን ዛፍ ውኃ እየጠጣ የሚለመልም ተክል ነው። ቅርንጫፍ የሚሉትም አሉ። ቅርንጫፍ ደግሞ ከዚያው ሥር የሚበላ፣ ከዚያው ግንድ የወጣ የዛፉ አካል ነው። ከሩቅ ለሚያይ ሰው ሁለቱም አረንጓዴ ናቸው፤ ቀርቦ መጋጠሚያውን የዳሰሰ ብቻ ይለያቸዋል። ሐያሲም ሥራውን አንዱን ወይም ሌላውን ብሎ በጠራ ጊዜ፣ ሳያስበውም እንኳ ቢሆን፣ ፍርዱን ግማሽ መንገድ አስኪዶታል።

ስለ ዛፉ ጥቂት ልንገራችሁ። የመጀመሪያው ሜታል ጊር በ1987 ወጣ፤ ደራሲውም ሂዴኦ ኮጂማ የተባለ ያን ጊዜ ገና ወጣት የነበረ የኮናሚ ሠራተኛ ነው። ጨዋታው የተሠራበት ኤም ኤስ ኤክስ 2 የተባለው ኮምፒዩተር ብዙ ወታደርና ብዙ ጥይት በአንድ ጊዜ በመስታወቱ ላይ ማሳየት አይችልም ነበር። ኮጂማ የጦርነት ጨዋታ ሥራ ተብሎ ሳለ ጦርነቱን ማሳየት የማይችል መሣሪያ ተሰጠው። እርሱም ነገሩን ገልብጦ፣ ተዋጊው ከመዋጋት ይልቅ የሚሸሸግበት ጨዋታ አደረገው። የመሣሪያው ድካም የአንድ አዲስ ዓይነት ጨዋታ አባት ሆነ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በ1998፣ በ2001፣ በ2004፣ በ2008 እና በ2015 የወጡት ዋና ዋና ክፍሎች ሁሉ ስለ ኑክሊየር መሣሪያ፣ ስለ ቅጥር ወታደሮችና ስለ መንግሥታት ተንኮል የሚተርኩ፣ አንዳንድ ጊዜም ተጫዋቹን ጆይስቲኩን አስቀምጦ ረጅም ንግግር እንዲያዳምጥ የሚያስገድዱ ሥራዎች ናቸው። ከሐያስያንም ከመቶው ከዘጠና በላይ ሲያገኙ የኖሩ ናቸው።

ዛፉ ገና ችግኝ ሳለም በጎኑ የበቀለበት ነገር ነበር። የመጀመሪያው ጨዋታ በምዕራቡ ዓለም ስለ ተወደደ፣ ኮናሚ ለዚያ ገበያ ብሎ በ1990 ስኔክስ ሪቬንጅ የተባለ ተከታይ አወጣ፤ ኮጂማ ግን እጁ የለበትም። ኮጂማ ሲያወጋ እንደ ተሰማው፣ ያንን ጨዋታ ከሚሠሩት ባልደረቦቹ አንዱን በባቡር ውስጥ አግኝቶት ነገሩን የሰማው ከእርሱ ነው፤ ሰውዬውም «እውነተኛውን ተከታይ አንተው ሥራው» ብሎ ለመነው። በዚያው ዓመት የወጣው ሁለተኛው ሜታል ጊር እንዲህ ተጀመረ። እኔ ይህን ታሪክ የምወደው ሌላው ሁሉ በሚረሳው ምክንያት ነው፤ ተቀጥላው ባይበቅል ኖሮ ግንዱ ምናልባት ባላደገ ነበር።

አሁን ወደዚያ ነጭ ጠጉር ወዳለው ሰይፈኛ ልመለስ። ስሙ ራይደን ነው። ሕዝቡ መጀመሪያ ያየው በ2001 ሲሆን፣ የዚያን ዓመት ጨዋታ የገዙ ሰዎች ሁሉ የለመዱትን ጀግና ስኔክን ሲጠብቁ፣ ከመክፈቻው ክፍል በኋላ ይህ ልምድ የሌለው ለግላጋ ወጣት ተሰጣቸው። ብዙዎቹ ተቆጡ፤ ቁጣቸውም ለዓመታት አልበረደም። በ2008 ደግሞ ያው ወጣት አካሉ በብረት ተተክቶ፣ ጎራዴ ይዞ ተመለሰና ብዙዎችን አስደነቀ። ነገር ግን ድንቅ ድንቁን ነገር ሲያደርግ ተጫዋቹ ተመልካች ብቻ ነበር፤ ራይደንን ይዞ መጫወት አይቻልም ነበር። ስለዚህ በ2009 በሎስ አንጀለሱ የጨዋታ ትርዒት ኮጂማ ከማይክሮሶፍት መድረክ ላይ ቆሞ የራይደንን ጨዋታ ባስታወቀ ጊዜ፣ የአንድ ዕዳ ክፍያ የቀረበ ያህል ነበር።

የዕዳው ክፍያ ግን አልሆነለትም። በ2010 ሐብሐብ ሳይቀር እንደ ተፈለገው የሚቆረጥበት ማሳያ ቀረበ፤ ከዚያ ወዲያ ዝምታ ሆነ። የኮጂማ ወጣት ሠራተኞች መቁረጡን ሠርተውታል፤ በመቁረጡ ዙሪያ የሚቆመውን ጨዋታ ግን ማቆም አቃታቸው። እኛም ብንሆን አንድ ውብ ዐረፍተ ነገር ይዞ ልቦለድ ሊጽፍበት የተነሣ ወጣት አይተን እናውቃለን፤ ችግሩ የዚያ ዓይነት ነው። በመጨረሻ ኮጂማ ሥራውን ፕላቲነም ጌምስ ለተባለ ለሌላ የጃፓን ቡድን ሰጠው። ይህ ቡድን ከካፕኮም ኩባንያ በወጡ ሰዎች የተመሠረተ፣ በ2009 ባዮኔታ በተባለው ጨዋታ የፍልሚያ ጨዋታ ጌታ መሆኑን ያስመሰከረ ነው። በ2011 መጨረሻ ዝውውሩ ለሕዝብ ተነገረ፤ ኬንጂ ሳይቶ የተባለው አዘጋጅም ጨዋታውን አድርሶ በየካቲት 2013 ሜታል ጊር ራይዚንግ፦ ሪቬንጀንስ በሚል ስም ወጣ። ታሪኩን የጻፉት ግን የኮጂማ ሰዎች ናቸው። ልጁ የሌላ ቤት ጡት ጠባ፣ ስሙን ግን ከአባቱ ቤት አገኘ።

ሐያስያኑ ምን አሉ? ግምገማን በነጥብ የሚያጠቃልለው ሜታክሪቲክ የተባለው መዝገብ ለጨዋታው 80 አካባቢ ሰጥቶታል፤ በአንዱ መሣሪያ 80፣ በሌላው 82። ይህ መልካም ነጥብ ነው። ነገር ግን ግምገማዎቹን ራሳቸውን ያነበበ ሰው የሚያገኘው ሰማንያ የሚያህል አንድ ስሜት አይደለም። ፍልሚያውን ሁሉም በአንድ ድምፅ አመስግነዋል። ሙዚቃውንም አመስግነዋል፤ ከትልልቆቹ ባላጋራዎች ጋራ በሚደረገው ግጥሚያ ፍልሚያው ጫፍ ሲደርስ የዘፋኙ ድምፅ ከመሣሪያው ጋራ አብሮ ይፈነዳል፤ ይህን እኔም ከወንበሬ ብድግ ብዬ ሰምቼዋለሁ። ካሜራውን ግን ነቅፈዋል፤ ጠባብ ስፍራ ሲገባ ዞሮ ግድግዳ ያያልና። ጨዋታው ራስን መከላከልን በወጉ አያስተምርም ያሉም አሉ፤ በዚህ ነቀፋ እስማማለሁ። ጆይስቲኩን ከእኅቴ ልጅ ተቀብዬ በሞከርሁት ጊዜ፣ የጠላትን ምት መመከት ወደ ኋላ መሸሽ ሳይሆን ወደ ምቱ ፊት ለፊት እየገፉ መምታት መሆኑን እስካውቅ ድረስ አንዱ ብረት ውሻ ዘጠኝ ጊዜ ገድሎኛል። ልጁም በየሞቴ ሳቅ ለመደበቅ ወደ ወጥ ቤት ይሄድ ነበር። ውኃ ለመጠጣት ነው ይለኛል።

ከነቀፌታው ሁሉ ያልገባኝ የርዝመቱ ነገር ነው። ከአምስት እስከ ሰባት ሰዓት ያልቃል፣ ለ60 ዶላር ይህ ያንሳል አሉ። ኮጂማ ራሱ ጨዋታው የሚመዘግበው ሰዓት ትረካውንና የከሸፉትን ሙከራዎች እንደማይቆጥር ማስረዳት ግድ ሆኖበት ነበር። ልብ በሉ፤ ይህን ነቀፌታ የሰነዘሩት ሰዎች በዋናዎቹ ክፍሎች ጊዜ ትረካው ረዘመ ብለው ያማርሩ የነበሩ ናቸው። ድርሰት በኪሎ የሚመዘን ቢሆን ኖሮ የእኛ አገር ቅኔ ዋጋ ባላገኘ ነበር። ነገር ግን ነቀፌታውን ከሥሩ ብንመረምረው፣ ስለ ሰዓት ሳይሆን ስለ ደረጃ ነበር። ይህ ዋናው አይደለም፣ ስለዚህ እንደ ዋናው አያስከፍል ማለት ነው። ተቀጥላ የሚለው ቃል በዋጋ ዝርዝር ውስጥ ተሸሽጎ ገብቷል።

በአንጻሩ ሊነቀፍ ሲገባው እምብዛም ሲነቀፍ ያላየሁት አንድ ነገር አለ። ጨዋታው የሚጀምረው በአንድ የአፍሪካ አገር ነው። ራይደን ከእርስ በርስ ጦርነት ወጥታ በማገገም ላይ ያለችውን አገር ጠቅላይ ሚኒስትር ይጠብቃል፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩም በመጀመሪያው ምዕራፍ ይገደላል፤ ታሪኩም ወደ ሌላ ይሄዳል። ለሰውዬው ንማኒ የሚል ስም ተሰጥቶታል። ለአገሪቱ ግን ስም አልተሰጣትም። ካነበብኋቸው ግምገማዎች መካከል በዚህ ላይ አንድ መስመር ያዋለ አላገኘሁም።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ ጥፋት ጥቂት ብናገር ከርእሴ የወጣሁ አይመስለኝም። ከብዙ ዓመታት በፊት አንድ ወጣት ደራሲ፣ ከዚህ ዓለም በሞት ከተለየ አንድ አንጋፋ ደራሲ ልቦለድ ውስጥ አንዲትን ንኡስ ገጸ ባሕርይ ወስዶ የራሷን መጽሐፍ ጻፈላት፤ ቤተ ሰቡም ፈቅዶለት ነበር። ያን ጊዜ ለአንድ መጽሔት የመጽሐፍ ግምገማ እጽፍ ነበር። ግማሽ ገጽ ጻፍሁ። በዚያ ግማሽ ገጽ ውስጥ የአንጋፋው ደራሲ ስም ሰባት ጊዜ፣ የወጣቱ ስም አንድ ጊዜ ይገኛል፤ እርሱም በመጽሐፉ አርእስት ሥር ነው። አንጋፋው ቢኖር ኖሮ እንዲህ አይጽፍም ነበር የሚለውን አሳብ በሦስት መንገድ ደጋገምሁትና ጨረስሁ። ከወራት በኋላ ወጣቱን አንድ መጻሕፍት ቤት ውስጥ አገኘሁት። ቆብ አውልቆ ሰላምታ ሰጠኝ። ከዚያም ምንም ቁጣ በሌለበት ድምፅ፦ «ጋሼ፣ የእኔን መጽሐፍ ግን አንብበውታል?» አለኝ። አንብቤዋለሁ አልሁት። በእርግጥም ገጾቹን ሁሉ ገልጬአለሁ። ያነበብሁት ግን በውስጡ የሌለውን ሰው እየፈለግሁ ነበር።

ወደ ሁለተኛው ልጅ የምሸጋገረው በዚህ ጥያቄ ነው፤ የሁለተኛው ልጅ ታሪክ በውስጡ የሌለውን ሰው የመፈለግ ታሪክ ነውና።

በ2015 በኮጂማና በኮናሚ መካከል የነበረው ግንኙነት ተበላሸ። የዚያ ዓመት ትልቅ ክፍል፣ ፋንተም ፔይን የተባለው፣ በመስከረም ወጣ። በታኅሣሥ የጨዋታዎች ሽልማት በተሰጠበት ምሽት ጨዋታው ሲሸለም ደራሲው አልተገኘም፤ የኮናሚ ጠበቆች እንዳይገኝ እንደ ከለከሉት ከመድረኩ ላይ ተነገረ፤ አዳራሹም በተቃውሞ ጮኸ። በዚያው ወር ኮጂማ ከኩባንያው ወጥቶ የራሱን ድርጅት አቆመ። ዘጠኝ ወር እንኳ ሳይሞላ፣ በነሐሴ 2016፣ ኮናሚ አዲስ ሜታል ጊር አስታወቀ። ስሙ ሰርቫይቭ ሲሆን፣ ወታደሮች ወደ ሌላ ዓለም ተወስደው ጭንቅላታቸው የመስታወት ስባሪ ከሚመስል የሚራመድ ሬሳ ጋራ የሚታገሉበት ነው። ኮጂማም ስለዚህ ሲጠየቅ፣ ሜታል ጊር ስለ ፖለቲካና ስለ ስለላ ነው፤ ዞምቢ ከየት ገባበት? የሚል መልስ ሰጠ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ጨዋታው ገና ሳይወለድ ተፈርዶበት ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

በየካቲት 2018 በወጣ ጊዜ ከሜታክሪቲክ ያገኘው 60 አካባቢ ነው። በዚያ መዝገብ ደንብ ከ75 ጀምሮ አረንጓዴ፣ ከ50 እስከ 74 ቢጫ ነውና፣ ታላቅ ወንድሙ አረንጓዴ ለብሶ ሲቆም ታናሹ ቢጫ ለበሰ። ተራው ተጫዋች የሚሰጠው ነጥብማ ከዚያም እጅግ ያነሰ ነበር። ካነበብኋቸው ግምገማዎች ብዙዎቹ የሚጀምሩት በጨዋታው አይደለም፤ በኮጂማ መውጣት ነው። ለቅሶ ቤት ገብቶ የሚናገር ሰው በመጀመሪያ የሟቹን ስም እንደሚጠራ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ስለ ረኃቡና ስለ ጥማቱ ይመጣል። ጨዋታው ተጫዋቹን በየጊዜው ምግብና ንጹሕ ውኃ ፈልግ ይለዋል፤ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ይህ ፍለጋ ሌላውን ሁሉ ይውጠዋል። አጥር ማቆምና በአጥሩ ቀዳዳ በጦር መውጋት እስኪሰለች ድረስ ይደጋገማል። እነዚህን ነቀፌታዎች ጆይስቲክ ይዤ አረጋግጬአቸዋለሁ፤ እውነት ናቸው። ከእነዚህ በላይ ሁለት ክሶች አሉ፤ እነርሱንም እኔ ከማንኛውም በላይ ከባድ አድርጌ እመለከታለሁ። አንደኛው፣ ጨዋታው ብቻውን ለሚጫወት ሰው እንኳ ያለ ኢንተርኔት ግንኙነት የማይከፈት መሆኑ ነው። መብራትና መስመር በሚቆራረጥበት አገር ላለ ሰው ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ለእናንተ ማስረዳት አያሻኝም። ሁለተኛው፣ አንድ ሰው ሌላ ገጸ ባሕርይ ፈጥሮ ጨዋታውን እንደ ገና ለመጀመር ተጨማሪ የማስቀመጫ ስፍራ ቢፈልግ 10 ዶላር ገደማ መክፈል ነበረበት። ይህ በቤትህ ላለ መደርደሪያ ኪራይ ክፈል እንደ ማለት ነው።

እንግዲህ የሰርቫይቭን ፍርድ ስንመረምር፣ በአንድ ነጥብ ውስጥ ሦስት ልዩ ልዩ ነገሮች ተጨምቀው እናገኛለን። አንዱ ስለ ሥራው ነው። አንዱ ስለ ነጋዴው ጠባይ ነው። አንዱ ደግሞ ኀዘን ነው። ኀዘን ሰብኣዊ ነው፤ እኔም አልነቅፈውም። ነገር ግን ይህን ጨዋታ የሠሩት ሰዎች፣ ኮጂማ ሲወጣ በዚያው ቤት የቀሩ፣ የፋንተም ፔይንን መሣሪያና ንድፍ ይዘው በ40 ዶላር የሚሸጥ ነገር አድርሱ የተባሉ ሠራተኞች ናቸው። ኮጂማን ያስወጡት እነርሱ አይደሉም። ጥቂት ሐያስያን ሃያና ሠላሳ ሰዓት ከታገሡ በኋላ የግንባታውና የመከላከሉ አሠራር ከጓደኞች ጋራ ሲሠራ የራሱ ጣዕም እንዳለው ጽፈዋል። እኔም እዚያ ደርሼ አየሁት፤ እውነታቸውን ነው። ታላቅ ሥራ አይደለም። የአባቱን ስም ባይሸከም ኖሮ ግን ማንም በላዩ ላይ ጊዜውን አያጠፋበትም ነበር፤ ማንምም አይረግመውም ነበር። ስሙ ሸጠው፤ ስሙ ሰቀለው።

በዚህ ላይ አንድ ሰው፣ ነጥቡ ቢያንስ ምን ጉዳት አለው? ይለኝ ይሆናል። ጉዳት አለው። በ2010 የወጣው ፎልአውት፦ ኒው ቬጋስ የተባለው ጨዋታም እንዲሁ ከአንድ ረጅም ተከታታይ የወጣ ልጅ ነው፤ የሠራውም ኦብሲዲያን የተባለ ሌላ ቡድን ነው። ከቡድኑ መሥራቾች አንዱ ክሪስ አቬሎን በ2012 እንደ ገለጸው፣ ጨዋታው በሜታክሪቲክ 85 ቢያገኝ ለቡድኑ ተጨማሪ ክፍያ ሊሰጠው ውል ነበር። ያገኘው 84 ነው። ሜታክሪቲክ ደግሞ የየሐያሲውን ነጥብ እኩል አይደምርም፤ ለአንዱ ከፍ ያለ፣ ለሌላው ዝቅ ያለ ክብደት ይሰጣል፤ ክብደቱንም አይገልጥም። እንግዲህ አንድ ሐያሲ ማታ ደክሞት ሳለ ስምንት ይሁን ሰባት ተኩል ሲል ያመነታባት ቅጽበት፣ በማያውቀው ክብደት ተባዝታ፣ የማያውቃቸው ሰዎች እንጀራ ውስጥ ገብታለች። እኛ በነጥብ አንጽፍም። ነገር ግን እኔ በዚያ ግማሽ ገጽ ነጥብ አልሰጠሁም ማለት እችላለሁን?

ነጥብ ሌላም ደዌ አለበት፤ አያረጅም፣ አያድግም። የራይዚንግን መጨረሻ ተመልከቱ። የመጨረሻው ባለጋራ አርምስትሮንግ የተባለ የአሜሪካ ሴናተር ነው፤ ሸሚዙን ቀድዶ፣ በደሙ ውስጥ ባሉት ናኖማሽኖች ገላው እንደ ብረት እየጠነከረ፣ ደካማው ተጠርጎ ብርቱው ብቻ ስለሚኖርባት አገር እየሰበከ ይዋጋል። በ2013 ብዙዎች ይህን ከልክ ያለፈ ቀልድ አድርገው አለፉት። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት፣ በተለይም ከ2020 ወዲህ፣ ጨዋታው ሲወጣ ገና ሕፃናት የነበሩ ልጆች የሴናተሩን ንግግር በቃላቸው ይዘው በኢንተርኔት እየተቀባበሉ፣ እየሣቁበትም እየተከራከሩበትም፣ ያረጀውን ጨዋታ እንደ ገና ያስገዙት ጀመር። የእኅቴም ልጅ ያገኘው በዚህ መንገድ ነው። በመዝገቡ ላይ ግን ያው 80 እንደ ቆመ ነው። ሕዝቡ ፍርዱን ሲያሻሽል ዳኛው በችሎቱ አልነበረም።

አንዳንድ ወዳጆቼ የሰርቫይቭን ውድቀት፣ ኮጂማ የሌለበት ሜታል ጊር አይቻልም ለሚል ማስረጃ አድርገው ይጠቅሱልኝ ነበር። ይህ ክርክር በነሐሴ 2025 ተናግቷል። ኮናሚ የ2004ቱን ጨዋታ በአዲስ ሥዕል፣ ኮጂማ ሳይኖርበት፣ ሜታል ጊር ሶሊድ ዴልታ ብሎ እንደ ገና ሠርቶ አወጣው፤ ሐያስያኑም በደስታ ተቀበሉት። ታሪኩ ያው ነው፤ የተዋንያኑም ድምፅ ከቀድሞው የተወሰደ ነው። ጥቂቶች እንዲያውም፣ ከቀድሞው ያልተለየ ስለ ሆነ ምን ጨመረልን? ብለዋል። ስለዚህ አባት የሌለበት ሥራ ሁሉ የተጠላ አይደለም። አባቱን መስሎ የቆመው ተወደደ፤ አባቱን ያልመሰለው ተጠላ። አባቱ በፈቃዱ አሳልፎ የሰጠው ራይዚንግ ግን አባቱን ባይመስልም ተፈቀደለት። ከሦስቱ አንዳቸውም ስለ ፍልሚያው፣ ስለ አጥሩ ወይም ስለ ካሜራው የተሰጠ ፍርድ አይደለም። ይህን ስል ሐያስያኑ ሐሰተኞች ናቸው ማለቴ አይደለም፤ አብዛኞቹ ካሜራውንም አጥሩንም በትጋት ጽፈውታል። ያንን የጻፉት ግን ልባቸው አስቀድሞ በሌላ ነገር ከተያዘ በኋላ ነው።

ሊቀ መንበሩ ወደ ሰዓታቸው ሲያዩ ተመልክቻለሁ፤ ላብቃ። የዚያን ወጣት ደራሲ መጽሐፍ ባለፈው ክረምት ከመደርደሪያዬ አውርጄ እንደ ገና አነበብሁት። ሰውዬው ዛሬ ወጣት አይደለም፤ ሁለተኛ መጽሐፍም አላሳተመም። በአራተኛው ምዕራፍ ሴቲቱ ከገበያ ስትመለስ ወንዙ ሞልቶ የምታድርበት አንድ ሌሊት አለ፤ አንጋፋው ደራሲ በዚያች ሴት ውስጥ እንዲህ ያለ ሌሊት መኖሩን አላየውም ነበር። በመጽሐፉ ውስጥ ደካማ ምዕራፎችም አሉ፤ እነርሱንም አላለፍኋቸውም። ግምገማውን ከመጀመሪያው ጀምሬ ጽፌዋለሁ፤ ለማኅበራችን መጽሔት አዘጋጆችም ትላንት አስረክቤአለሁ። ዐሥራ አንድ ገጽ ሆኗል። የአንጋፋው ስም በስድስተኛው ገጽ ላይ አንድ ጊዜ ይገኛል።